ሎሬት ጸጋዬ እና ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት

የዛሬው ባለታሪካችን የአገራችን ልጅ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህን ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለዱ። ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ አደጉ፤ እንግሊዝኛን ግን እንደኛው ትምህርት ቤት ገብተው ነው የተማሩት። አምቦ አንደኛ ደረጃ እያሉ ቴአትር ጻፉ። በኋላ የሼክስፒርን ኦቴሎና ሐምሌት ወደ አማርኛ መለሱ። የሼክስፒር ቃላት ለእንግሊዞችም ይከብዳሉ! በእንግሊዝኛም ኦዳ ኦክ ኦራክል የሚባል ቴአትር ጻፉ። ኦዳ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት የኛው ዛፍ ነው፣ ኦክ የፈረንጅ ዛፍ ነው፣ ኦራክል ደግሞ ወደፊት የሚሆነውን የሚናገር ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. አረፉ።

እኛ ከባድ ቃል ሸምድደን ከፈተና በኋላ እንረሳዋለን። እሳቸው ግን ጻፉበት። እኔም ኦራክልን ደብተሬ ላይ ዓረፍተ ነገር ሠርቼበታለሁ። እናንተስ?