አስቴር ጋኖና የልጅ የመጀመሪያ መጽሐፍ

አንደኛ ክፍልን ያስተማረ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቀን አለ። ይኸውም ሕፃኑ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል በመጽሐፉ ገጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኝበት ቀን ነው። እኔ በቦምቤ ከተማ ይህን ቀን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሕፃኑ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከገጣጠመ በኋላ «ሃታ» ከሚለው ቃል ይደርሳል፤ ቃሉ በየማለዳው እናቱ እንስራ አዝላ የምትወርድለት ያው ውሃ መሆኑን በተረዳ ጊዜ ቀና ብሎ መምህሩን ያያል። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርሁት በቤታችን በማይነገር ቋንቋ ስለ ነበር፥ ይህ ቀን በልጅነቴ አልደረሰልኝም። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሃይማኖቷ ጸንታ ለወገኗ የደከመች የአንዲት መምህርት ሕይወት ጽፌ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ከወላይታ ተወላጅ ያልሆኑትን አስቴር ጋኖን የመረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነው። በታሪካቸው ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት በአንዱ፥ በሊሙ እናርያ ምድር፥ ከነጻ ቤተሰብ ተወለዱ። ጊቤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ ተብሎ በወላይታ ምዕራብ የሚያልፈው ያው ወንዝ ነውና፥ የትውልድ አገራቸው ለእኛ እጅግ የራቀ አይደለም። ገና ልጅ ሳሉ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጎ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ለነጋዴ ተሸጡ፤ በዚያን ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ስንት ሺሕ ሕፃናት በተነዱበት መንገድም ወደ ቀይ ባሕር ተወሰዱ። በጀልባ ተጭነው ወደ ዐረብ አገር ሊሻገሩ ሲሉ፥ ከአንድ ዓመት በፊት ምጽዋን የያዙት ኢጣልያኖች በ1886 ጀልባይቱን በባሕር ላይ ያዟት። አስቴርም ነጻ ወጥተው በምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተማሪ ቤት ተሰጡ። ዕድሜያቸው በዐሥራ አራት ዓመት ግድም ነበር።

ይህ ዕድሜ ልብ ሊባል ይገባዋል። በእምኩሉ የኦሮምኛ መጻሕፍትን የማዘጋጀት ኀላፊነት የተሰጣቸው ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ የቀድሞ ስማቸው ሂካ፥ እርሳቸውም በኢሉባቦር ተወልደው ተሰርቀው የተሸጡ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከእናታቸው እቅፍ የተነጠቁት በአራት ዓመታቸው ነበር። በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ እስኪወጡ ድረስ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፉ ቆይተዋል። የተማሩ፥ ስዊድን አገር ሄደው ለወንጌል ሥራ የሠለጠኑ፥ በአሳብም በትጋትም የበረቱ ነበሩ። ሆኖም የአራት ዓመት ልጅ ይዞት የሚሄደው ቋንቋ የቱን ያህል ነው? ስለ እርሻ፥ ስለ ሸንጎ፥ ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግ የሚነገረውን ሕፃን ገና አልሰማውም። አስቴር ግን ሰምተው ነበር። ከማጀት እስከ ምንጭ የተነገረውን፥ ማታ በእሳት ዳር የተተረተውን ሁሉ ሰምተው፥ ከሰሙትም በኋላ ነበር የተነጠቁት። በጉዟቸው ሁሉ ማንም ሊወስድባቸው ያልቻለው ንብረት ይህ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚስዮኑ መምህራን አስቴር ለቋንቋ ልዩ ተሰጥዎ እንዳላቸው ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በ1890 ገደማ በእምኩሉ ነጻ የወጡ ኦሮሞዎች በኦኔሲሞስ መሪነት ለቋንቋ ሥራ ሲሰባሰቡ፥ አስቴር ከሁሉ ፊት የሚቈጠሩ ሆኑ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ቃላትን ሰበሰቡ። ከዚህም ጋር አምስት መቶ የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፥ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፥ ተረቶችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈሩ። እኔ በግሌ ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው። በሚስዮን ቤት ያደገች፥ ክርስትናን በሙሉ ልቧ የተቀበለች ወጣት የአባቶቿን ተረትና ዘፈን እንደ አሮጌ ልብስ አውልቃ ብትጥለው በዚያ ዘመን የሚፈርድባት አልነበረም። በኋላም በብዙ ስፍራ፥ በእኛም አገር ጭምር፥ የሆነው ይኸው ነው። አስቴር ግን ተረቱን ጽፈው ጠበቁት፤ ጽፈውም አልቀሩ፥ ለሕፃናት ትምህርት አዋሉት።

ከስብስቡ ብዙው የታተመው በ1894 እዚያው በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ነው። የመጽሐፉ ስም «ጀልቀባ በርሲሳ» ሲሆን ትርጓሜው የማስተማር መጀመሪያ እንደ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። መምህር የሆነ ሰው የዚህን መጽሐፍ አሠራር በቀላሉ ይረዳዋል፤ ፊደል ያጠና ሕፃን ቀጥሎ የሚያነበው የሚያውቀውን ሊሆን ይገባል። እንቆቅልሽን የሚያነብ ልጅ መልሱን አስቀድሞ ያውቃልና ፊደሉ ቢከብደው እንኳ አሳቡ ይመራዋል። ይህን መንገድ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች በብዙ ማብራሪያ እናስተምረዋለን።

ጽሕፈቱ በግዕዝ ፊደል ነበር። ይህ ፊደል ጥንታዊና የተወደደ ቢሆንም፥ ለኦሮምኛ ሲውል ችግር ነበረበት፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። በኦሮምኛ «በዳ» የሚለው ቃል ሲላላ መጥፎ፥ ሲጠብቅ ደግሞ ደጋ ማለት ነው፤ በጽሕፈት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የእኛም «ሃታ» እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ መርዘሙን፥ ሁለተኛው መጥበቁን ከፊደሉ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ትክክለኛው ንባብ በአንባቢው ጆሮ ላይ የተመሠረተ ነበርና፥ ቋንቋውን ከእናቷ አፍ የሰማች ሴት ለዚያ ሥራ ምን ያህል ታስፈልግ እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ያው 1894 በወላይታ የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው። በዓመቱ መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት አገሩን ወጋ፤ ንጉሥ ጦና ቈስለው ተማረኩ፤ ከሕዝቡም ብዙው ተማርኮ ተነዳ። በባሕሩ ዳር አንዲት ነጻ የወጣች ወጣት የሕፃናትን መጽሐፍ ስታሳትም፥ በዚህ ወገን እንደ እርሷ ያሉ ሕፃናት ቋንቋቸውን ብቻ ይዘው ወደ ማያውቁት አገር ይሄዱ ነበር።

ከንባብ መጽሐፉ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ተከተለ። አዲስ ኪዳን ቀደም ብሎ በ1893 ታትሞ ነበር፤ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር፥ በባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። አስቴር በዚህ ሥራ የነበራቸው ድርሻ ከረዳትነት ያለፈ እንደ ነበር ጉዳዩን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ይስማሙበታል። ሆኖም መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። ኦኔሲሞስን ለመውቀስ ይህን አልጽፍም፤ በንባብ መጽሐፉ ላይ የአስቴርን ስም ከራሳቸው ጋር አድርገዋልና። ነገር ግን በተማሪ ቤቶቻችን የመማሪያ መጽሐፍ፥ መዝሙርና የፈተና ጥያቄ አዘጋጅተው ስማቸው ያልተጻፈላቸውን መምህራት የምናውቅ ሁላችን ነገሩ በ1899 እንዳላበቃ እንመሰክራለን።

በ1904 ኦኔሲሞስ፥ ባለቤታቸው ሊዲያ ዲምቦ፥ አስቴር ጋኖና ፌቤን ሂርጴ ወደ ወለጋ ተጓዙ። ኦኔሲሞስ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ከሃያ ዓመት በላይ ሲሞክሩ ቆይተው ነበር። በነቀምት የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ የቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ ተቀብለው አስተናገዷቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የሦስቱ ሴቶች ሥራ ጩኸት የሌለው፥ በየዕለቱ የሚደገም የመምህርነት ሥራ ነበር። በትምህርት ቤቱ ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ንባብ ይሰጥ ነበር። የኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበክ ካህናቱን ስላስቈጣ፥ በ1906 ተከሰው አዲስ አበባ ተጠሩ፤ ወደ ነቀምት ቢመለሱም ለብዙ ዓመታት በግልጽ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ ቤትን፥ ሕፃናትንና ማኅበረ ምእመናንን አጽንተው የሚይዙ እነማን እንደሆኑ በገጠር ያገለገለ ሰው ያውቀዋል። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምት ዐረፉ፤ አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ።

በእነዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመታት የኢጣልያ ወረራ መጥቶ ሄደ። በ1944 ስለ ሚስዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ በጠቅላላው የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ይህ በእኛም ላይ ደርሷል። በ1928 ወደ ሶዶ የመጡት ሚስዮናውያን ከቅዱስ መጽሐፍ ጥቂት ክፍሎችን በወላይትኛ አዘጋጅተው የነበረ ቢሆንም፥ የወላይታ ልጅ በመንግሥት ተማሪ ቤት የራሱን ቋንቋ በመጽሐፍ ሳያይ ስንት ትውልድ አለፈ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከዐሥራ አምስቱ የዘመቻው ቋንቋዎች አንዱ አደረገው። ከ1991 በኋላም ቋንቋው በላቲን ፊደል ወደ አንደኛ ደረጃ ገባ። ቀጥሎ ግን የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ከላይ ወረደ፤ በ1999 በሶዶ ሕዝቡ ተቃውሞ ተነሣ፥ ሰው ሞተ፥ መምህራንም ታሰሩ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ2000 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አራቱ ቋንቋዎች እጅግ የሚቀራረቡ ስለሆኑ አዘጋጆቹ ልጆቹ ይረዱታል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ሕፃኑ ግን በዚያ ገጽ ላይ የእናቱን አነጋገር አላገኘም። የእምኩሉዋ ወጣት መጽሐፏን የጀመረችው ከሰማችው ነበር።

አስቴር ጋኖ በ1964 ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ዘጠና ያህል ሆኖ ነበር። «ጀልቀባ በርሲሳ» ከታተመ በዚያ ዓመት ሰባኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ነገር ግን በነቀምት በነበሩት የመንግሥት ተማሪ ቤቶች በአንዱም ኦሮምኛ አይነበብም ነበር። ሽማግሌዎች በቤታቸው ያስቀመጡትን የ1899ን መጽሐፍ ቅዱስ ግን ማታ ማታ ለልጅ ልጆቻቸው ያነቡ ነበር። መላው መጽሐፍ በአዲስ የኦሮምኛ ትርጉም የወጣው በ1997 ነው።