ብሩስ ሊ፤ አስቂኙም አስተማሪውም

ብሩስ ሊ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሚወነጨፍ እግር፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸትና የተራቆተ ደረት ነው። ሰውየው ኮሜዲ ሠርቷል ቢባል ለማመን የሚቸገር አይጠፋም። ሠርቷል እንጂ! ያውም ደራሲውም፣ አዘጋጁም፣ ዋና ተዋናዩም ራሱ ሆኖ። ከዚያም ሌላ የታወቀ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የሚኖረው በማስተማር ነበር። በዚህ ግድግዳ ላይ ስሙ የተነሣውም ይበልጡን በዚህ ምክንያት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በኖቬምበር 27 ቀን 1940 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አባቱ ሊ ሆይ ቹዌን የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበሩ፤ ቡድናቸው አሜሪካን እየዞረ ትርዒት በሚያሳይበት ወቅት ነው ልጁ የመጣው። አባትየው ሕዝብ የሚያውቃቸው ሰው በማሳቅ ነበር። እንግዲህ የልጅየው ጨዋታ አዋቂነት ከየት መጣ ለሚል መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ አለ። ገና በእቅፍ ሳለ ፊልም ላይ ታየ። ቤተሰቡ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ፣ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሃያ ያህል ፊልሞች ላይ ተሳትፏል።

ትምህርት ላይ ግን እምብዛም ነበር። መንገድ ላይ መደባደብ ይወድ ነበር። ዊንግ ቹን የሚባለውን የቻይና የትግል ስልት የተማረው ከታወቁት መምህር ከዪፕ ማን ነው። በ1958 ደግሞ በቻ ቻ ዳንስ ውድድር በሆንግ ኮንግ አንደኛ ወጣ። ዳንሱን እንደ ቀልድ አንየው፤ በኋላ በፊልሞቹ ላይ የምናየው የእግር አጣጣል ያለዚያ ዳንስ እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም። ድብድቡ ሲበዛና ፖሊስ ጣልቃ መግባት ሲጀምር ወላጆቹ ፈሩ። በ1959 አንድ መቶ ዶላር አስይዘው ወደ አሜሪካ ላኩት።

ሲያትል ከተማ ገብቶ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ እያደረ አስተናጋጅ ሆኖ ሠራ። ሁለተኛ ደረጃውን ጨርሶ በ1961 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ድራማና ፍልስፍና ተማረ፤ ዲግሪውን ግን አልያዘም። በትርፍ ሰዓቱ በመናፈሻና በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሰዎችን ሰብስቦ ኩንግ ፉ ማስተማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የቻይና መምህራን ጥበቡን ለባዕድ አያስተምሩም ነበር። እሱ ግን የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግሎቨር ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ልብ የሚነካው የታኪ ኪሙራ ነገር ነው። ኪሙራ በትውልድ ጃፓናዊ የሆነ አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እንደሱ ያሉትን ሰብስቦ ካምፕ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ከዚያ ሲወጣ በራሱ ላይ የነበረው እምነት ተሟጥጦ ነበር። ብሩስ ሊን ሲያገኘው ዕድሜው ሠላሳ አምስትን አልፏል፤ መምህሩ ደግሞ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ይህ ጎረምሳ ሰውየውን ቡጢ ብቻ አላስተማረውም፤ ቀና ብሎ እንዲሄድ አደረገው። ረዳት አስተማሪም አደረገው።

በ1964 ኦክላንድ ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያም ዎንግ ጃክ ማን ከሚባል የኩንግ ፉ ባለሙያ ጋር በዝግ ቤት ተጋጠመ። ስለ ግጥሚያው ምክንያትና ውጤት የሁለቱ ወገኖች አነጋገር አይገጥምም። በብሩስ ሊ ወገን ያሉት፣ ባዕድ ማስተማሩን እንዲተው ለማስገደድ የመጣ ነው ይላሉ። እሱ ራሱ ግን በግጥሚያው አልተደሰተም፤ ከሚገባው በላይ ረዝሞበት፣ ትንፋሽም አጥሮት ነበርና። የተማረውን ሁሉ እንደገና መመርመር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድን ስልት እንደ ዳዊት መድገም ምን ዋጋ አለው? ቁመቱ፣ ፍጥነቱ፣ ጠባዩ ለተለያየ ሰው አንድ ዓይነት ትምህርት እንዴት ይበቃል? ለአዲሱ አሠራሩ በ1967 ጂት ኩን ዶ የሚል ስም አወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ራሱ አስጨነቀው፤ ተማሪዎቹ ይህንንም እንደ ማይለወጥ ሕግ እንዳይዙት ሠጋ። በ1970 ትምህርት ቤቶቹ እንዲዘጉ አደረገ። አስተማሪ የገዛ ትምህርት ቤቱን ሲዘጋ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ መምህራኖቻችንና ዕጩዎቹ ቢከራከሩበት ጥሩ ነው።

ሆሊውድ ግን በሩን በደንብ አልከፈተለትም። በ1966 በቴሌቪዥን «ግሪን ሆርኔት» ላይ ካቶ የሚባለውን ጭንብል ለባሽ ሾፌር ሆኖ ተጫወተ። ተከታታዩ በ26 ክፍል አለቀ። ከዚያ በኋላ ኑሮው እንደ ስቲቭ ማክዊንና ጄምስ ኮበርን ያሉ ተዋንያንን በግል በማስተማር ነበር። በ1970 ክብደት ሲያነሣ ወገቡን ተጎዳ፤ ለወራት ተኛ። ሐኪሞች ከእንግዲህ እንደ ድሮው መራገጥ የለም አሉት። ተኝቶ ደብተር በደብተር ላይ ጻፈ። ሲነሣም ተራገጠ። «ኩንግ ፉ» በተባለው ተከታታይ ላይ የቻይናዊውን መነኩሴ ቦታ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ለነጩ ለዴቪድ ካራዲን ተሰጠ።

ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ1971 እና በ1972 የወጡት ሁለት ፊልሞቹ የገቢ ሪኮርድ ሰበሩ። ከዚያ ከሬይመንድ ቻው ጋር የራሱን ድርጅት አቋቁሞ «የዘንዶው መንገድ» የተባለውን ኮሜዲ ሠራ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ታንግ ሉንግ የሚባል የገጠር ልጅ በወሮበሎች የተቸገረ ምግብ ቤት ሊረዳ ሮም ይመጣል። ቋንቋ አያውቅም። አውሮፕላን ጣቢያ ይርበዋል፤ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ ስላቃተው በጣቱ እየጠቆመ ያዝዛል። የሚመጣለት ምንድን ነው? ሾርባ፣ ሌላ ሾርባ፣ እንደገና ሾርባ! አፍሮ ሁሉንም ይጨርሳል። ከዚያማ ሥራው ሽንት ቤት መፈለግ ብቻ ይሆናል። የምግብ ቤቱ ባለቤት (ተዋናይቷ ኖራ ሚያው ናት) ይህ ነው የሚያድነኝ ብላ ታዝናለች፤ ካራቴ የሚለማመዱት አስተናጋጆችም ይንቁታል። አንድ ቀን ሲመታ ሲያዩት ግን ሁሉም ተማሪዎቹ ይሆናሉ። ከአስተናጋጆቹ አንዱን የተጫወተው የልጅነት ጓደኛው ዩኒኮርን ቻን ነው። አንዱ ወሮበላ በሰንሰለት የተያያዘውን ዱላ አነሣና ሲወዘውዘው የገዛ ራሱን ፈንክቶ ይወድቃል፤ እዚህ ላይ የማይስቅ ተመልካች እንጃ።

እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ሁሉ የተሳካ አይደለም። መጀመሪያው ይጎተታል፤ ያች የሽንት ቤት ቀልድም ከመጠን በላይ ተደጋግማለች። ነገር ግን ይህ ሰው ሲያትል ውስጥ አስተናጋጅ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ፊልሙን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ሳቁ የሚያልቀው ኮሎሲየም ውስጥ ነው። ወሮበሎቹ ኮልት የሚባል አሜሪካዊ ቀጥረዋል፤ የተጫወተው የካራቴ ሻምፒዮናው ቸክ ኖሪስ ነው። ሁለቱ አይሰዳደቡም፤ ፊት ለፊት ቆመው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ አንዲት የድመት ግልገል ታያቸዋለች። መጀመሪያ ታንግ ሉንግ ይመታል፣ ይወድቃል። በያዘው ስልት እንደማያሸንፍ ሲገባው አረጋገጡን ይለውጣል፤ እንደ ዳንሰኛ ይዘላል፤ ነገሩ ይገለበጣል። እነሆ የኦክላንዱ ጥያቄ በፊልም መልስ አገኘ! ኮልት እጁና እግሩ ተሰብሮም አልተወም። ታንግ ሉንግ ይብቃህ ብሎ ራሱን ይነቀንቅለታል፤ ሰውየው እንቢ ይላል፤ ይሞታል። ገዳዩም ልብሱንና ቀበቶውን አምጥቶ ሬሳውን ይሸፍናል፤ ይንበረከካል። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው። ኮሎሲየሙ ራሱ በአብዛኛው ሆንግ ኮንግ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ መሆኑን ሲሰሙ የሚገርማቸው ብዙዎች ናቸው።

ፊልሙ በ1972 መጨረሻ ሆንግ ኮንግ ታይቶ ከአምስት ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ በማስገባት ያለፉትን በለጠ። አሜሪካ የታየው በ1974 ነው። ያኔ ብሩስ ሊ የለም። በጁላይ 20 ቀን 1973 ራሱን አሞት የማስታገሻ ክኒን ውጦ ተኛ፤ አልተነሣም። የሞተው አንጎሉ አብጦ ነው። ዕድሜው 32 ነበር። ስሙን ለዓለም ያሰማው «ኢንተር ዘ ድራገን» አሜሪካ ውስጥ የወጣው በቀጣዩ ወር ነው።

የተቀበረው ሲያትል ነው። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ታኪ ኪሙራ ነበር። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መቃብሩን ሲንከባከብ፣ ከእሱ የተማረውንም ሲያስተምር ኖረ። ኪሙራ በ2021 ሲሞት ዕድሜው 96 ነበር።