ፀሐይን ሠራተኛ ያደረገው ኬሚስት

በዳሞታ ተራራ ሥር ባለችው ወላይታ ሶዶ፣ በበጋ በየግቢው በርበሬና እህል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ፀሐይ ግን ከማድረቅ ያለፈ ሥራ ትችላለች፤ አንዱን ነገር ወደ ሌላ ትለውጣለች። ይህንን ለማሳየት ዕድሜውን የሰጠው ሰው ጃኮሞ ቻሚቻን ይባላል። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1857፣ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ትሪየስቴ፣ ከአርመን ዘር ከሆነ ቤተሰብ ነው። ቪየና ተማረ፤ ከዚያም ሮም ሄዶ በታዋቂው ኬሚስት በካኒዛሮ ዘንድ ሠራ። በ1886 ናይትሮቤንዚንን በአልኮል አሟሙቶ ፀሐይ ላይ ሲያኖር፣ ብርሃኑ ፈሳሹን ወደ አኒሊን እንደሚለውጠው ተገነዘበ። አኒሊን አሚን ከሚባሉት፣ ናይትሮጅን ካዘሉ ውሁዶች አንዱ ነው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የጨርቅ ቀለም ከአሚን ይሠራል፤ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞልም እንዲሁ። ፋብሪካዎች አኒሊንን የሚሠሩት ግን በብረትና በአሲድ ነበር።

በ1889 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከባልደረባው ከፓውል ዚልበር ጋር የላቦራቶሪውን ጣሪያ በብልቃጥ ሞላው። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ የፀሐይን ሥራ ይጠብቁ ነበር።

መስከረም 11 ቀን 1912 ኒውዮርክ ላይ በዓለም አቀፍ የኬሚስቶች ጉባዔ ንግግር አደረገ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የ1905 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ መሆኑ ነው። የድንጋይ ከሰል አንድ ቀን እንደሚያልቅ አስጠነቀቀ። ዕፅዋት ያለ ጭስ የሚሠሩትን የሰው ልጅም ሊሠራው እንደሚችል፣ ፀሐይ የሚያቃጥላቸው ደረቅ አገሮችም የኢንዱስትሪ መንደር እንደሚሆኑ ተናገረ። ዓለም ግን ከከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ተሻገረ። ቻሚቻን ለኖቤል ሽልማት ደጋግሞ ቢታጭም ሳያገኝ በ1922 አረፈ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ያስቸገረው ብዙዎቹ ሞለኪውሎች የሚታየውን ብርሃን አለመቀበላቸው ነበር። በተለይ ከ2008 ወዲህ ኬሚስቶች ብርሃኑን ተቀብሎ ኤሌክትሮን የሚያሻግር፣ ራሱ ግን የማያልቅ ካታሊስት በስፋት ይጠቀማሉ። በሰማያዊ አምፖል፣ ያለ ብዙ ሙቀት፣ ለመድኃኒት የሚሆኑ አሚኖች እየተሠሩ ነው። ካታሊስቶቹ እንደ ሩቴኒየምና ኢሪዲየም ካሉ ውድ ብረቶች ይዘጋጃሉ፤ ኢዮሲንን የመሰሉ ርካሽ ቀለሞችም ለብዙ ሥራ ይበቃሉ።

የዚህ ጸሐፊ ስጋት እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በሕግ የማንም ንብረት አይደለችም፤ በእርስዋ የመሥራት ዘዴ ግን በፓተንት ይያዛል። ቻሚቻን ያሰባት ፀሐይ ከቦሎኛ ይልቅ ሶዶ ላይ ትበረታለች። ወላይታ ሶዶም ከ2007 ጀምሮ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቦሎኛ የጀመረችው በብልቃጥና በጣሪያ ነው። እኛም ካልጀመርን፣ ፀሐይ የሠራችውን መድኃኒት በፀሐይ አገር ተቀምጠን በዶላር መግዛታችን አይቀርም።