አለን ቱሪንግ፦ የኢኒግማን ምስጢር በሰዎች ልማድ በኩል የፈታው የሒሳብ ሊቅ

በኢንተርኔት የሚገለገል ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ አንዳንድ ድረ ገጾችን ሲከፍት፣ ሰው እንጂ ማሽን አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ የሚጠየቅበት አጋጣሚ አለ። የተጣመሙ ፊደላትን አንብቦ እንዲጽፍ ወይም የትራፊክ መብራት የሚታይባቸውን ምስሎች እንዲመርጥ የሚያዘው ይህ መፈተኛ «ካፕቻ» በመባል ይታወቃል። በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ውስጥ የሚገኘው «ቲ» የሰው ስም መነሻ ሲሆን፣ ባለ ስሙም በ1954 በ41 ዓመቱ ያረፈው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ የሲቪል አስተዳደር ሠራተኛ ስለነበሩ፣ እርሱና ወንድሙ የልጅነት ዘመናቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቻቸው ተለይተው እንግሊዝ ውስጥ በሰው ቤት አሳልፈዋል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ ካጠና በኋላ በ1936 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የተሰጠውን ትእዛዝ እየተከተለ በጥቅል ወረቀት ላይ ምልክት የሚያነብና የሚጽፍ ማሽን በሐሳብ ነደፈ። አንዱ ማሽን ትእዛዙ ሲለወጥለት የሌላውን ሁሉ ሥራ መሥራት እንደሚችልም አስረዳ። ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ሒሳብ የሚሠራበትና መልእክት የሚላክበት መሆኑ የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው። ይኸው ጽሑፍ የትኛውም ማሽን ሊመልሳቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች እንዳሉም አሳይቷል። አጥፊ ፕሮግራሞችን ሁሉ ያለ አንዳች ስህተት የሚለይ ፀረ ቫይረስ ሊኖር እንደማይችል በ1980ዎቹ የተረጋገጠው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የምስጢር ፈቺዎች ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የጀርመን ጦር ኢኒግማ በተባለ የጽሕፈት መኪና መሰል መሣሪያ መልእክቱን ይመሰጥር ነበር። መሣሪያው ሊዘጋጅባቸው የሚችሉት መንገዶች 159 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ዝግጅቱም በየዕለቱ ይለወጣል። ጀርመኖች የተማመኑት በዚህ ቁጥር ነበር። ይሁንና የፖላንድ የሒሳብ ባለሙያዎች ከ1932 ጀምሮ ምስጢሩን ይፈቱ የነበረ ሲሆን፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ዕውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረክበዋል። ይህ የፖላንዶች ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ መሆኑ ተገቢ አይደለም።

ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢበዛ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። የአየር ኃይሉ ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ለእያንዳንዱ መልእክት የሚስጥር ፊደላትን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲታዘዙ፣ አንዳንዶቹ በፊደል ገበታው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን፣ ሌሎቹ ከሴት ጓደኛቸው ስም የተወሰዱ ፊደላትን ደጋግመው ይጠቀሙ ነበር። በይለፍ ቃልነት የልጁን ስም ወይም ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ቁጥሮች በተርታ የሚጽፍ የዛሬ ተጠቃሚ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የአየር ጠባይ ዘገባዎች ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ቃላት ይላኩ ነበር። በኢኒግማ አንድ ፊደል ፈጽሞ በራሱ ስለማይመሰጠር፣ ቱሪንግና ባልደረቦቹ የገመቱትን ቃል ከተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር አስቀምጠው፣ ፊደል ከፊደል የሚገጥምበትን ቦታ ሁሉ ይሰርዙ ነበር። ቀሪውን የሚያጣራው «ቦምብ» የሚል ስም የወጣለት፣ ከፈንጂ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ቱሪንግ የነደፈውና ጎርደን ዌልችማን ያሻሻለው ይህ ማሽን በ1940 ሥራ ጀመረ።

የባሕር ኃይሉ አሠራር ይበልጥ ጥንቃቄ የተሞላበት ስለነበር ምስጢሩን መፍታት ከባድ ነበር። ብዙዎች ተስፋ የቆረጡበትን ይህን ሥራ ቱሪንግ በራሱ ፈቃድ ያዘው። በ1941 ከጀርመን መርከቦች በተማረኩ የኮድ መጻሕፍት እየታገዘ ቡድኑ ውጤት አገኘ። በፌብሩዋሪ 1942 የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች አራተኛ ተሽከርካሪ ጎማ ያለውን ኢኒግማ መጠቀም ሲጀምሩ ግን መስመሩ ለአሥር ወራት ያህል ጨለመ። በእነዚያ ወራት በአትላንቲክ ላይ የሰጠሙት የአጋር አገሮች መርከቦች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጀርመኖችም የእንግሊዝን የባሕር ኃይል ኮድ ያነብቡ እንደነበር ሊታወስ ይገባል። ሁለቱም ወገኖች የሌላውን ቀዳዳ እየፈለጉ የራሳቸውን ሳያዩ ቆይተዋል።

ቱሪንግ ራሱም ከዚህ ዓይነቱ ችግር አላመለጠም። የሻይ ኩባያው እንዳይወሰድበት ከክፍሉ ማሞቂያ ጋር በሰንሰለት ያስር የነበረው ይህ ሰው፣ ጀርመን እንግሊዝን ትወርራለች ብሎ ሰግቶ የገዛውን ጥፍጥፍ ብር በብሌችሊ አካባቢ ቀበረ፤ የቀበረበትንም ቦታ በምስጢር ጽሕፈት መዘገበ። ከጦርነቱ በኋላ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ደጋግሞ ቢቆፍርም ሀብቱን ሳያገኝ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊው የፊዚክስ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ነደፈ፤ ከ1948 ጀምሮም በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሠራ። የካፕቻ ስም መነሻ የሆነውንና ማሽን ሰው መስሎ መመለስ ይችል እንደሆነ የሚመዘንበትን ፈተና ያቀረበው በ1950 ነው።

በ1952 መጀመሪያ ቤቱ በመዘረፉ ለፖሊስ አመለከተ። በምርመራው ሂደት ከአንድ ወንድ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ራሱ በግልጽ ተናገረ፤ ድርጊቱ በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ስለነበር ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። ከእስራት ይልቅ የሆርሞን ሕክምና እንዲሰጠው ተስማማ። በምስጢራዊ ሥራዎች ላይ የመሳተፍ ፈቃዱም ተነጠቀ። ለዓመታት የመንግሥትን ምስጢር የጠበቀ ሰው በዚያው መንግሥት የማይታመን ሆነ። ጁን 7 ቀን 1954 በሳይናይድ መርዝ ሕይወቱ አለፈ። መርማሪው ራሱን ማጥፋቱን ወሰነ፤ እናቱ ግን በድንገተኛ አደጋ እንደሞተ ያምኑ ነበር።

በዚያን ጊዜ ጎረቤቶቹም ሆኑ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በጦርነቱ ወቅት የፈጸመውን አያውቁም ነበር። የብሌችሊ ሥራ ለሕዝብ በሰፊው የተገለጠው ከ1974 ወዲህ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013ም የንጉሣዊ ምሕረት ተሰጠው። በ2021 በወጣው የ50 ፓውንድ የገንዘብ ኖት ላይ ከምስሉ ጋር የ1936 ጽሑፉ ቀመሮችና በአንድ ወቅት ጥብቅ ምስጢር የነበረው የ«ቦምብ» ንድፍ ታትመዋል።