አክሊሉ ለማና እንዶድ

ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የዩኒቨርሲቲያችን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥራች ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልደው በ1997 አርፈዋል። ብዙዎቻችን ስማቸውን በደጃፍ በኩል እናውቀዋለን፤ ሥራቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አክሊሉ ከአሜሪካ ተምረው ሲመለሱ የያዙት ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነበር። ከታማሚው ሰገራ የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጥገኛው ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው፣ አንዷን አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቋት። ሞቱ። እንግዲህ እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ ነው፤ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ጥያቄው ነበር።

ዛሬ ዕፅዋትን በባክቴሪያና በፈንገስ ላይ ስንሞክር ሥራው ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሳህኑ ላይ ነው። ጭማቂው ይጨመራል፣ ዙሪያው ይጠራል፣ ይለካል፣ መመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አክሊሉ ግን ከወንዙ ወደ ላቦራቶሪ ገብተው፣ መልሰው ወደ ወንዙ ወጡ። ዓድዋ ላይ በእንዶድ ለ5 ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ከትንንሽ ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው ብርቱውን፣ ዓይነት 44ን መረጡ።

ይሁንና ዓለም ቶሎ አልተቀበላቸውም። የመርዛማነቱ ምርመራ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ ይደገም ተባለ፤ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪና ገንዘብ ደግሞ እዚህ አልነበረም። ዓመታት ነጎዱ፤ በመሃሉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን መጣ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት አልፎ ነበር።

እንደ ሐኪም ሳየው፣ የተጠየቀው ምርመራ ራሱ ስሕተት አልነበረም። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ በአፍ ሲወሰድ ሰውንም ይጎዳል። የሚያሳዝነው መልሱን እዚሁ የምንሰጥበት አቅም ማጣታችን ነው። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የማያቸው ታካሚዎች ለቋቁቻውም ለቁስሉም ቅጠል ቀብተው ይመጣሉ። ይሠራል ወይ፣ ስንት ይበቃል፣ ማንን ይጎዳል ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ ትንሽ ነው።

ውድ መምህራን፣ ተማሪያችሁ የጠራውን ክብ ይዞ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ግን በዚያ አታሰናብቱት። መጠኑን፣ ጉዳቱን፣ ታካሚው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ጠይቁት። የአክሊሉ ስም ከደጃፍ አልፎ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው።