ዮሐንስ አፈወርቅ፤ መጽሐፍን ወደ ምእመናን ቤት ያስገባ መምህር

ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ የካህናትና የመነኮሳት ሥራ ብቻ ነው የሚል አሳብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1600 ዓመታት በፊትም በአንጾኪያ ከተማ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ። ነጋዴው ገበያውን፥ ሹሙ የአደባባይ ሥራውን፥ ባለትዳሩ ሚስቱንና ልጆቹን ምክንያት እያደረገ መጽሐፉን ለገዳም ሰዎች ይተውላቸው ነበር። ይህን ምክንያት አንድ በአንድ እየመረመረ ያፈረሰው መምህር ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ታሪኩን የምንጽፈውም የአንደበቱን ጣዕም ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን፥ ለሌላው ያስተማረው ቃል በራሱ መከራ ጊዜ እንዴት እንደ ተፈተነ ለማስተዋል ነው።

ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሴኩንዱስ የጦር መኮንን ነበረ፤ ነገር ግን ሕፃኑ ገና ሳያውቀው ሞተ። እናቱ አንቱሳ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ሳለ ሌላ ባል ሳታገባ ልጅዋን አሳደገች። የንግግርን ጥበብ ሊባንዮስ ከተባለ ስመ ጥር አረማዊ መምህር ተማረ። በዚህ ጥበቡ በፍርድ አደባባይ ክብርና ሀብት ሊያገኝበት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ተጠምቆ በሊቀ ጳጳሱ በሜሌጥዮስ እጅ የአናጉንስጢስነትን ማዕርግ ተቀበለ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ አገልግሎቱ መጽሐፍን ለሕዝብ ማንበብ ሆነ።

ወደ ምናኔ ለመሄድ በፈለገ ጊዜ እናቱ ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት አልቅሳ ስለ ለመነችው ለጊዜው በቤት ቆየ። በኋላ ግን በአንጾኪያ አቅራቢያ ወዳለው ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት በአንድ አረጋዊ መነኩሴ እግር ሥር ተማረ፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ኖረ። በዋሻው ውስጥ እንቅልፉን እየነሣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ብርዱና ጾሙ ሆድ ዕቃውንና ኵላሊቱን ስለ ጐዱት ታሞ ወደ ከተማ ተመለሰ። ሥጋው ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘም፤ በልቡ የሰበሰበው ቃል ግን አብሮት ወረደ።

በ381 ዓ.ም. ዲያቆን፥ በ386 ዓ.ም. በሊቀ ጳጳሱ በፍላብያኖስ እጅ ቄስ ሆነ። በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሰዎች በግብር ምክንያት ተቈጥተው የንጉሠ ነገሥቱን ሐውልቶች በሰበሩ ጊዜ ከተማው በሙሉ የሞት ፍርድ እየጠበቀ ተንቀጠቀጠ። ዮሐንስ በዚያ ዐቢይ ጾም የተሸበረውን ሕዝብ ከመጽሐፍ እያስተማረ አጽናና። ከዚያም ኦሪት ዘፍጥረትን፥ የማቴዎስንና የዮሐንስን ወንጌል፥ የቅዱስ ጳውሎስንም መልእክታት በተራ እየተረጐመ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በአንጾኪያ ሰበከ።

በዚህ ትምህርቱ ለምእመናን የሰጠው ሥርዓት ቀላል ነበረ። በሚመጣው ጉባኤ የሚተረጐመውን የወንጌል ክፍል ሰው ሁሉ አስቀድሞ በቤቱ እንዲያነብብ ያዝዛል፤ ካነበበ በኋላ ያልገባውን ለይቶ ይመጣልና፥ ሲሰማ በቶሎ ያስተውላል። ከጉባኤ ሲመለስም ባል ለሚስቱና ለልጆቹ የሰማውን እንዲደግምላቸው፥ ማዕዱም ከቃሉ እንዳይለይ ይመክራል። ሚስት አለኝ፥ ሥራ አለኝ የሚለውንም ከመነኩሴው ይልቅ አንተ ታስፈልግሃለች በሚል መንፈስ ይመልስለታል፤ በወደብ ካለው መርከብ ይልቅ በማዕበል መካከል ያለው መሪ ይሻልና፥ በጦር ሜዳ የሚቈስለውም መድኃኒት ይፈልጋልና። መጽሐፍ መግዛት አልቻልሁም ለሚለው ድኻ ደግሞ የአንጥረኛውን ምሳሌ ያመጣለታል፤ አንጥረኛ ቢቸግረውም መዶሻውንና ወናፉን አይሸጥም፥ የሚኖረው በእነርሱ ነውና። ባለጸጋውንም አልተወውም፤ በወርቅ ቀለም የተጻፈ፥ በጥሩ ብራና የተደጐሰ መጽሐፍ በሣጥን ቈልፎ የማያነብበውን ይገሥጸው ነበር።

በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። በዚያም የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ለድውያን ማደሪያ ሠራ፤ በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ፈጸመ ማለት ነው። ነገር ግን የባለጸጎችንና የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት ስለ ገሠጸ ንግሥት አውዶክስያ ጠላችው። ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቴዎፍሎስም ጋር መለያየት ስለ ሆነ በ403 ዓ.ም. የተሰበሰበው ጉባኤ ከመንበሩ ሻረው፤ በ404 ዓ.ም. በአርመን ምድር ወዳለችው ኩኩሶስ ተሰደደ።

የትምህርቱ ፈተና እዚህ ላይ ነው። መንበሩ፥ ጉባኤውና ወዳጆቹ ሁሉ ተወስደዋል፤ በዋሻ ያጠናውን ቃል ግን ሊወስድበት የሚችል ዘበኛ አልነበረም። ከስደቱ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ በጻፋቸው መልእክታት ኢዮብን፥ ዮሴፍን፥ ሠለስቱ ደቂቅን፥ ጳውሎስን እያነሣ ያጽናናታል። በ407 ዓ.ም. ወደ ሩቅ የጥቁር ባሕር ዳርቻ ሲነዱት ደክሞ በኮማና አቅራቢያ ሴፕቴምበር 14 ቀን ዐረፈ። ዐፅሙ በ438 ዓ.ም. በክብር ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ፤ ያስመለሰውም ያሳደደችው ንግሥት ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱን በስሙ ትጠራለች። በዕብራውያን መልእክት ላይ የደረሰውንም ድርሳን አባ እንባቆም በ1523 ዓ.ም. ወደ ግእዝ መልሰውልናል። ስለዚህ ለእኛ እንግዳ መምህር አይደለም። ይሁን እንጂ ተግሣጹ እኛንም ይነካል። ዳዊቱ በማኅደሩ እንደ ተሰቀለ ዓመት የሚያልፍበት ቤት የለምን? መጽሐፍ ቅዱስ ዛሬ ታትሞ በየቤቱ ገብቷል፥ በእጅ ስልክም ይነበባል፤ ዕጦት ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የእሑዱን ወንጌል ቅዳሜ ማታ ከቤተ ሰባችን ጋር እናንብብ፤ ከቅዳሴ ስንመለስም የሰማነውን በማዕድ ላይ ለልጆቻችን እንድገምላቸው። እኛም ካህናት ሳናነብብ ለማስተማር አንቁም። የመከራ ቀን መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በዚያን ቀን የሚገኘው በሰላሙ ጊዜ በልብ የተቀመጠው ብቻ ነው።

የአባታችን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።