የአንድሩ ካርኔጊ ታሪክ

አንድሩ ካርኔጊ በስኮትላንድ አገር፥ ዳንፈርምሊን በምትባል ከተማ፥ በ1835 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባቱ ዊልያም ካርኔጊ ሸማኔ ነበረ። የዚያች ከተማ ሸማኔዎች ድኾች ነበሩ፤ ነገር ግን ማንበብን እጅግ ይወዱ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ውድ ስለ ነበረ፥ አንድ ሸማኔ ብቻውን ብዙ መጽሐፍ ሊገዛ አይችልም ነበር። ስለዚህ የአንድሩ አባትና ሌሎች አራት ሸማኔዎች፥ በየቤታቸው ያላቸውን ጥቂት መጽሐፍ በአንድነት ሰብስበው፥ ሰው እየተዋሰ የሚያነብበት ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ለአንዱ ያልተቻለው ለአምስቱ ተቻለ።

ከጥቂት ዘመንም በኋላ በእንፋሎት የሚሠራ የሽመና መኪና መጣ። መኪናው ብዙ ልብስ በጥቂት ዋጋ ስለሚሠራ፥ በእጃቸው የሚሸምኑት ሰዎች ሥራ አጡ። ዊልያምም የሽመና ዕቃውን ሸጠ፤ ለመንገድ የጐደለውንም ገንዘብ ከወዳጅ ተበድሮ፥ በ1848 ዓመት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም በፒትስበርግ አጠገብ ባለችው፥ አሌጌኒ በምትባለው ከተማ ተቀመጡ። ያን ጊዜ አንድሩ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ።

ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበረ አንድሩ ትምህርቱን ትቶ በጥጥ ፋብሪካ ሥራ ገባ። ሥራውም የፈትል ቀሰም ማቀበል ነበረ። ጎሕ ሳይቀድ ሄዶ ከመሸ በኋላ ይመለሳል፤ ለአንድ ሳምንት ድካምም የሚቀበለው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብቻ ነበረ። ኋላም በፒትስበርግ በቴሌግራፍ ቤት መልእክት አድራሽ ሆነ። ትምህርት ቤት ለመሄድ ጊዜ አልነበረውም፤ መጽሐፍ ለመግዛትም ገንዘብ አልነበረውም።

በአሌጌኒ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው በቤቱ 400 ያህል መጽሐፍ ነበረው፤ በሥራ የሚውሉ ልጆችም በየቅዳሜው እየመጡ አንድ አንድ መጽሐፍ እንዲዋሱ ፈቀደ። አንድሩም ሳምንቱን ሁሉ ቅዳሜን ይናፍቅ ነበር። የተዋሰውንም መጽሐፍ በሥራው መካከል ባገኘው ዕረፍት ያነብ ነበር።

ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ሰፍቶ በሌሎች ሰዎች እጅ በተደራጀ ጊዜ አዲስ ሥርዓት ወጣ። በነጻ እንዲዋሱ የተፈቀደላቸው የእጅ ሥራ የሚማሩ ልጆች ብቻ ሆኑ፤ እንደ አንድሩ ያሉት ግን በዓመት 2 ዶላር እንዲከፍሉ ታዘዘ። ይህም ለድኻ ልጅ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አንድሩ ግን ዝም አላለም። ኮሎኔሉ ስጦታውን ለሠራተኛ ልጆች ሁሉ እንዳሰበ የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ጋዜጣ ላከ፤ ጋዜጣውም አተመው። ከዚያም ሥርዓቱ ተለወጠ፤ በሩም እንደ ገና ተከፈተለት።

አንድሩ ካደገ በኋላ በምድር ባቡር ሥራ ገባ፤ ከዚያም የዐረብ ብረት ፋብሪካዎች አቁሞ እጅግ ባለጠጋ ሆነ። በ1889 ዓመት በጻፈው ጽሑፍ፥ ባለጠጋ ሰው ሀብቱን ሳይሰጥ ቢሞት ነውር እንደ ሆነ ገለጠ። በ1901 ዓመትም ፋብሪካዎቹ በ480 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ።

የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት የሰጠው ለተወለደባት ከተማ ለዳንፈርምሊን ነው። በ1881 ዓመት እናቱ ማርጋሬት የመሠረቱን ድንጋይ አኖረች፤ በ1883 ዓመትም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞች እርዳታ ለመኑት። እርሱም ሲሰጥ ሥርዓት ነበረው። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ካርኔጊ ለቤቱ ማሠሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ይሰጣል፤ ከዚያም ከተማው የስጦታውን አንድ ዐሥረኛ በየዓመቱ ከግብሩ ያወጣል። ካርኔጊ 10,000 ዶላር ቢሰጥ፥ ከተማው በየዓመቱ 1,000 ዶላር ለመጻሕፍትና ለጠባቂዎች ደመወዝ ማውጣት አለበት ማለት ነው። ቤት ብቻውን ቢሠራ፥ አዲስ መጽሐፍ የሚገዛለትና የሚጠብቀው ከሌለ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሕዝቡ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ፥ ቤቱን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀዋል። በ1881 ዓመት ለፒትስበርግ ስጦታ ባቀረበ ጊዜ፥ ከተማው ለቤተ መጻሕፍት ግብር ለማውጣት ሕግ ስላልፈቀደለት ሊቀበል አልቻለም። ኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ ትልቁም ቤተ መጻሕፍት በ1895 ዓመት ተከፈተ።

በ1901 ዓመት ለኒው ዮርክ ከተማ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በዚህም ገንዘብ በየሰፈሩ ከ60 የሚበልጡ አብያተ መጻሕፍት ተሠሩ። በዚያ ዘመን ከብዙ አገር የተሰደዱ ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ ይጐርፉ ነበር፤ ቤታቸውም ጠባብ ነበረ። በ1909 ዓመት ሲዋርድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር በተከፈተው ቤተ መጻሕፍት፥ ሰዎች ነፋስ እየተቀበሉ እንዲያነቡ በሰገነቱ ላይ እንኳ ቦታ ተዘጋጀ። ቋንቋቸው ልዩ ልዩ የሆነ ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተቀምጠው አነበቡ፤ ልጆችም ከመንገድ ይልቅ የሚቀመጡበት ብርሃንና ሙቀት ያለው ስፍራ አገኙ።

ሆኖም መልካም ስጦታ ሌላውን በደል አይሸፍንም። በ1892 ዓመት በሆምስቴድ ባለው የካርኔጊ ፋብሪካ ደመወዝ ሊቀነስ ስለ ታሰበ ጠብ ተነሣ። ካርኔጊ ያን ጊዜ በስኮትላንድ ነበረ፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ በሠራተኞቹ ማኅበር ላይ ባደረገው ነገር ተስማምቶ ነበር። ከሠራተኞችና ከተቀጠሩት ዘበኞች ወገን ሰዎች ሞቱ። በ1898 ዓመት በዚያው ስፍራ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ነገር ግን በቀን 12 ሰዓት በእሳት ፊት የሚሠራ ሰው ለማንበብ ጕልበት ከየት ያገኛል?

ደግሞም በ1902 ዓመት በአትላንታ ከተማ በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት፥ የከተማው ሰዎች ጥቍሮች እንዳይገቡ ከለከሉ። ዱ ቦይስ የሚባል የታወቀ ጥቍር ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሄዶ አቤት አለ፤ ነገር ግን አልተሰማለትም። ጥቍሮችም ግብር ይከፍሉ ነበርና፥ ሊገቡበት ላልተፈቀደላቸው ቤት ገንዘብ አዋጡ። የዚያች ከተማ አብያተ መጻሕፍት ለሁሉ የተከፈቱት በ1959 ዓመት ነው። በልጅነቱ በ2 ዶላር ምክንያት በር የተዘጋበት ሰው ያሠራው ቤት፥ ለሌሎች ልጆች በሩ ተዘጋ።

ካርኔጊ የረዳውን ሰው አልረሳም። በ1904 ዓመት በአሌጌኒ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ለኮሎኔል አንደርሰን መታሰቢያ አቆመ፤ በዚያም መጽሐፍ የሚያነብ የብረት ሠራተኛ ምስል ተቀርጾበታል። ካርኔጊ በ1919 ዓመት ሞተ። በእርሱና እርሱ ባቆመው ማኅበር ገንዘብ በልዩ ልዩ አገር 2,509 አብያተ መጻሕፍት ተሠርተዋል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ሁሉ ያስገኘው የአምስት ሸማኔዎች ጥቂት መጽሐፍና የአንድ ሰው የቅዳሜ ቸርነት ነው። ባለጠጋ ቤቱን ይሠራል፤ ከተማው በየዓመቱ ይጠብቀዋል፤ አንባቢም የተዋሰውን በንጽሕና ይዞ በቀኑ ይመልሳል። በሩ ላይ ቆሞ መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ካለ ግን፥ አንድሩ በልጅነቱ እንዳደረገው፥ ስለ እርሱ ዝም አትበሉ።